በቀይ ክር የተሰፉት ሁለት ጆንያዎች

ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት፣ ጤፍ ከገበያ መሸሽ ሲጀምር፣ መንግሥት በእህል ነጋዴዎች ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ አወጣ። ነጋዴ ሁሉ በመጋዘኑ ያለውን እህል እንዲያስመዘግብ፣ ለቤተሰቡ ቀለብ የተፈቀደለትን አስቀርቶ ሌላውን በተወሰነው ዋጋ እንዲሸጥ፣ ደብቆ የተገኘም እህሉ ተወርሶ ፈቃዱ እንዲነጠቅ የሚያዝ ነበር። ቃሉን በትክክል ማስታወሴን እጠራጠራለሁ፤ መንፈሱ ግን ይኸው ነው። እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ የተቀጠርሁ ጀማሪ ጸሐፊ ነበርሁ። እህል በረንዳን እንዲፈትሹ ከታዘዙ አንድ ሹም ጋር መዝገብ ይዤ ወረድሁ።

እዚያው መርካቶ ጥግ፣ መሳለሚያ ተወልጄ ማደጌን ለሹሙ አልነገርኋቸውም። በመሥሪያ ቤታችን የመርካቶ ልጅ መባል አያኮራም ነበር፤ ወይም እንደማያኮራ እኔው ራሴ ደምድሜ ነበር።

በዕድሜ የገፉ የአንዲት ነጋዴ መጋዘን ደረስን። ሴትዮዋ በርጩማ አቅርበው፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የምሆነውን እኔን ሳይቀር «ይቀመጡ» አሉኝ። ያስመዘገቡትን ቆጠርን፤ ልክ ነበር። ለቀለብ የተፈቀዱላቸው ሁለት ጆንያ ጤፍ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሹሙ ግን ወደ ውስጥ ዘለቁና ከግድግዳው ሥር፣ እርጥበት እንዳያገኛቸው በጣውላ ላይ የተቀመጡ ሌሎች ሁለት ጆንያዎች አዩ።

«እነዚህስ?»

«የሰው ናቸው፣ ጌታዬ። አደራ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አላስመዘገቡም?»

«ያለሽን አስመዝግቢ ተባልሁ፤ ያለኝን አስመዘገብሁ። በሰው እህል ላይ የእኔ ነው ብዬ ልፈርም?»

በሩ ላይ የቆመ ሸምገል ያለ ተሸካሚ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ተደብቆ የሚኖር አይጡ ብቻ ነው» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ ሹሙ አልሳቁም።

«ጻፍ» አሉኝ። «ተደብቆ የተገኘ፣ ሁለት ጆንያ።»

ያን ብጽፍ የሴትዮዋ ንግድ ያበቃ ነበር። ብዕሬን እንደያዝሁ የጆንያዎቹን አፍ አየሁ፤ በቀይ ክር ተሰፍተዋል። ዛሬ ሳስበው ሰማያዊም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ቃጫ አልነበረም። በእህል በረንዳ ነጋዴ የራሱን ጆንያ በቃጫ ይሰፋል፤ አደራውን ግን፣ ሰፋሪው ተሳስቶ እንዳይከፍተው፣ ባለ ቀለም ክር ያደርግበታል።

«ጌታዬ፣ ይህ የአደራ ስፌት ነው» አልሁ። «ሊደብቅ የፈለገ ሰው ከሩቅ በሚታይ ክር አይሰፋም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። መሳለሚያ ነው ያደግሁት።»

ሹሙ ጎንበስ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም፣ «መልካም፣ የተደበቀ አይባል» አሉ። «ትእዛዙ ግን ከቀለብ በላይ የሆነው ሁሉ ይሸጥ ይላል። ስለ አደራ የሚለው ነገር የለም።» እውነታቸውን ነበር።

ሴትዮዋ የአደራው ባለቤት የሰላሌ ገበሬ መሆኑን፣ ጤፉንም ለአባቱ ተዝካር እንዳስቀመጠ ነገሩን። «ሟቹ በገዛ እጃቸው የዘሩት የመጨረሻው ጤፍ ነው። ሌላ ብሰጠው ጤፍ ሰጠሁት እንጂ አደራውን አልመለስሁለትም።» ቀጥለውም ሹሙን ጠየቁ። «መንግሥት ከእኔ የሚፈልገው ሁለት ጆንያ ነው?»

«ሁለት ጆንያ ነው።»

ወደ ተሸካሚው ዞሩ። «በል፣ የቀለቤን አውጣልኝ።»

«እትዬ፣ ቤተሰቡስ ምን ይበላል?»

«አገሩ የሚበላውን።» ከዚያም ወደ እኔ፣ «አንተ የመሳለሚያ ልጅ፣ አሁን ጻፍ» አሉኝ። እርስዎነቴ በዚያች ቅጽበት ቀረ፤ እስከ ዛሬም ከተሰጡኝ ማዕረጎች ሁሉ ያችን «አንተ» አስበልጣለሁ። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ «አደራ፤ ሳይነካ የተጠበቀ» ብዬ ጻፍሁ። ሹሙ አንብበው ፈረሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽያጩን ልቆጣጠር ተመለስሁ። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር እስከ ጎዳናው ማዶ ይደርሳል። ሴትዮዋ ከመካከሉ፣ ባዶ ስልቻ በክንዳቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ከስንት ሰው በኋላ እንደነበሩ አላስታውስም። በተከፈተው በር ሁለቱ ጆንያዎች በጣውላቸው ላይ እንዳሉ ይታያሉ።

ሰፋሪው ቁናውን አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ ወደ ፊት ይምጡ እንጂ፤ ቤቱ የእርስዎ!» አላቸው።

«ዝም ብለህ ስፈር» አሉት። «ተራዬ ሲደርስ እመጣለሁ።»