ያልተጠየቀው ማን ነው?

አጎቴ ሶዶ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራሉ። “ከመስመሩ በላይ ባርነት አይኑር፣ በታች ግን ይቀጥል ተባብለው ፖለቲከኞቹ ከጦርነቱ አስቀድሞ ተስማምተው ነበር” ይሉና ወደ እኛ ዞረው ይጠይቃሉ፤ “ያልተጠየቀው ማን ነው?”

አዲሱ ሕገ መንግሥት በወጣ ሰሞን ላገባ ስል ዘመድ ተሰበሰበ። እጮኛዬ “አያቱ ባሪያ ነበሩ” የሚባል የሁምቦ ልጅ ነው። ሲከራከሩ ውለው ተስማሙ፤ እንጋባ፣ ቤተሰቦቹ ግን ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ አይቅረቡ። ሁሉም እፎይ አለ። እኔም፣ ዛሬም ያሳፍረኛል፣ እፎይ አልኩ።

አጎቴ ብቻ “ያልተጠየቀው ማን ነው?” ብለው ተነሡ። ደጅ የቆሙትን የእጮኛዬን እናት እጃቸውን ይዘው አስገቡ፤ በገዛ ወንበራቸው አስቀምጠው የቀረበውን የሙቹዋ ምግብ ከራሳቸው ሳህን አጎረሷቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር አማቴን እጃቸውን ይዘው የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

አጎቴን በቀበርን ማግስት ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞላ። ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። አማቴን ከድንኳኑ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።

“እማማ፣ ይግቡ እንጂ” አልኳቸው።

“ተዪኝ ልጄ። እጄን ይዘው የሚያስገቡኝ እኮ ሄዱ” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ይግቡ ስላቸው እጄን አልዘረጋሁም ነበር።