የጽጌ ጥምዝ ገመድ

በቀደም አንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ሐሳቤ ወዳደግንበት ከተማ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ታላቅ እህቴ ወደ ጽጌ ወሰደኝ።

ጽጌ የትምህርት ቤቱን የኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወት ነበር። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘው ገመድ መድረክ ላይ እየተዝረከረከ ሰው ሲጥል፣ የሙዚቃ ክበቡ መምህር «ይህን ካላስተካከልሽ በትምህርት ቤቱ በዓል መድረክ አትወጪም» አላት። ገመዱን በብረት ዘንግ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋ ጠመጠመችው፤ ጫፎቹን አስራ በፈላ ውሃ እንፋሎት እያገላበጠች አጋለችው፤ ከዚያ ደጅ ብርድ ላይ አሳደረችው። ጠዋት ከዘንጉ አውጥታ በተቃራኒው ስትጠመዝዘው ጥቅልሉ ጠበቀ። ስበን ስንለቀው ተመልሶ ይሰበሰባል!

በበዓሉ ቀን መምህሩ ጊታሩን ከነገመዱ ለአንድ ወንድ ተማሪ ሰጠው። «ከዞን እንግዶች መጥተዋል፤ ሴት ልጅ ጊታር ታቅፋ ፊታቸው አትቆምም» አለ።

አባባ «ልጄ፣ የፈለጉት እጅሽን ነው፤ አንቺን አይደለም» አሏት። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩና የእጇን ሥራ ማለታቸው መሆኑ ሳይገባኝ፣ እጇን ሊቆርጡት መስሎኝ አለቀስኩ።

ልጁ መጫወት እንደጀመረ ጽጌ መድረኩ ላይ ወጣች። ገመዱን ነቅላ፣ እንግዶቹ እያዩ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላው ወረደች። ከክበቡ አባረሯት፤ ጊታርም ዳግመኛ አልነካችም።

ያ መምህር ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ትናንት በሬዲዮ «ሴት ልጆቻችንን እናበረታታ» ሲል ሰማሁት። የሬዲዮኑን ገመድ ነቀልኩት።