ቀድማ የምትታጠበው ሴት

ማክሰኞ ማክሰኞ ጎተንበርግ ከተማ ባለው ሙቅ ገንዳ፣ የገዛ ሰውነታችን መገጣጠሚያችንን የሚያጠቃበት ሕመም ያለብን ሴቶች እንሰበሰባለን። እዚህ አገር በጋራ መታጠቢያው ራቁትን ሳይታጠቡ ገንዳ መግባት ነውር ነው። አንዷ ግን ሁላችንንም ቀድማ ትታጠባለች፤ ስንደርስ ጉልበቷ ድረስ በወረደ የዋና ልብስ ተሸፋፍና ጥጉን ይዛለች። የሕመሙ መድኃኒት አወፍሯት የነበረችው ይህችው ሴት በአንድ ዓመት በግማሽ ከስታለች።

«ምን አድርገሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ?» አለቻት አንድ ቀን ጉንቮር፣ ከሁላችን ወፍራሟ።

«በእግሬ ነዋ! ጫካ ለጫካ።»

በሳምንቱ ሳላስበው ማልጄ ደረስኩና መታጠቢያው ውስጥ አገኘኋት። ሆዷ ላይ አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ። አወቅኳቸው፤ እህቴም ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ስታስቀንስ የቀሩባት እነዚሁ ናቸው። በፎጣ ሸፈነቻቸው። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ባለፈው ጉንቮር በሁለት ምርኩዝ እያነከሰች መጣች። ጉልበቶቿ አባብጠዋል።

«እንዳንቺው በየቀኑ ጫካውን ዞርኩት። እኔን ምነው እምቢ አለኝ?»

ሴትዮዋ እስከ አገጯ ውሃው ውስጥ ሰመጠች። «ታገሺ» አለቻት፣ ሳታያት።

ጉንቮር ወደ እኔ ዞረች።

«አዎ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አልኳት።

አሁን እኔም፣ ጉንቮር ሳትደርስ፣ ቀድሜ እታጠባለሁ።