ባዮሎጂ ክፍል የቀረበ ጉበት

ባለፈው ሰሞን ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጄ ሶፋ ላይ ተቀምጣ በስልኳ የጉበት ሴል ሥዕል ታጠና ነበር። «ተመልከቺማ አያቴ፣ በደም በኩል ያሉት ፕሮቲኖች ያስገባሉ፤ በሐሞት በኩል ያሉት ያስወጣሉ» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። እኔ የጉበት ነገር ሲነሳ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የሚሏት ከተማ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባዬ ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዳር ልኳንዳ ነበረው። የሰፈሩ ክርስቲያን ከእሱ ይገዛል፤ ሙስሊሙ ከማዶ ካለው ከራሱ ልኳንዳ። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፣ በዚህ የሚቀያየምም የለም። እንዲያውም አባዬ ድግስ ሲኖረው፣ አርደው እንዲበሉ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ ከነነፍሱ ይሰድላቸው ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን ሰይፉ የወሎ ልጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ስለምናየው ሙስሊም መሆኑን እናውቃለን፤ ስሙን ብቻ የሰማ ግን በምን ያውቃል? «ለትምህርቱ ጉበት ማን ያመጣልናል?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጥቅምት ነበር፤ ኮረብታው ላይ ማሽላው አሽቷል። አባዬ ጉበቱን ራሱ ይዞ መጣ፣ ደም የነካ ጋውኑን እንኳ ሳያወልቅ። የጫት መኪኖች በአጥሩ ስር ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ እሱ ከኋላ ቆሞ ያዳምጣል።

መምህሩ ጉበቱን በወረንጦ እያገላበጠ «እያንዳንዱ ሴል ሁለት ፊት አለው» አለ። «በደም ፊት የተተከሉት ተሸካሚ ፕሮቲኖች ይቀበላሉ፤ በሐሞት ፊት ያሉት ይሸኛሉ። ቦታ አይለዋወጡም። የሚሸኙት ሥራ ካቆሙ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለስና ዓይን ቢጫ ይሆናል።»

«አይ የእግዜር ሥራ!» አለ አባዬ ጮክ ብሎ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ምነው በዚያ ባበቃ! ደወሉ ሲደወል አባዬ በወረቀት የጠቀለለውን ሚጥሚጣ ከኪሱ አወጣ። ከጉበቱ ጫፍ ቆረጠና አጥቅሶ እጁን ወደ መምህሩ አፍ ዘረጋ። «ጓድ መምህር፣ በሞቴ! ልጄን ያስተማረ ከእጄ ሳይጎርስ አይሄድም።»

መምህሩ ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ እንደጎረስኩ ይቁጠሩልኝ። እኔ እስላም ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

የአባዬ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ሃይማኖት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው! «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላወቅሁም» እያለ ጉርሻውን የሚያደርግበት ቢያጣ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው። አንዱ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔ ዴስኩ ላይ ተደፋሁ፤ ቀና ስል አባዬ በሩ ጋ ቆሞ ያየኛል። መምህሩ እስከ ግቢው በር ሸኘው።

እቤት ነገሩን አንስቶት አያውቅም። በዓመቱ ትምህርት ጨርሰን ስንሸለም የሁሉም ወላጅ መጣ፤ እሱ ብቻ ቀረ።

«አባዬ፣ ምነው ቀረህ?»

«ብታጠብም ሥጋ ሥጋ እሸታለሁ፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አለ እየሳቀ።

መምህሩም አባዬም ያን ቀን ያፈሩት አንዱ ለሌላው ሲሳሱ ነው። የእኔ ሐፍረት ግን ለማንም አልሳሳም፤ እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል።

«ምነው ፊትሽ ቀላ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ቅድመ አያትሽ ትዝ ብሎኝ ነው። ልኳንዳ ነበረው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴ! ነጋዴ ነበር አላልሽኝም?»