በየሰባት ሌሊቱ የሚነሣው በረት

መሬቱን ያዳነው እበቱ ነው፣ ሽንቱ ወይስ የላሞቹ ኮቴ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስቱን ለያይቼ የምሞክርበት ዕድል አላገኘሁም፤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የአንዲት እመቤት ርስት ላም አላቢ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የከብቱ ሹም አቶ ይርዳው ማለቢያውን ሰጥተውኝ በረቱን አሳዩኝ። ዙሪያው በድንጋይ የተካበ ነው፤ ጭቃና እበቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከበታቹ ያለው መስክ ግን ራሰ በራ ሆኗል።

«ማንበብ ታውቂያለሽ አሉ» አሉኝ።

«ዘንድሮ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ ጌታዬ።» ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር።

«እንግዲያው ደብተራ፣ ለላሞቹ ዳዊት ድገሚላቸው። ወተት አጥሯቸዋል።»

እውነታቸውን ነበር። ወደ አንኮበር ለእመቤቲቱ የምንልከው ቅቤ በየዓመቱ ይቀንስ ነበር። በሦስተኛው ዓመቴ አቶ ይርዳው ቁርጡን ነገሩን፤ ክረምቱ ሲወጣ ጠፍ የሆነው መስክ አፈሩ ከነሣር ሥሩ ተቆልሎ ይቃጠላል፣ ገብስ ይዘራበታል፣ ላሞቹ ቆላ ይወርዳሉ። አላቢዎቹ እንበተናለን ማለት ነው።

በዚያው በልግ ሻሽ የምትባል ላም ታማ፣ ከሌሎቹ ተለይታ መስኩ ላይ ሰባት ሌሊት ታስራ አደረች። ዝናቡ እንደ ጣለ እሷ የነበረችበት ብቻ፣ ገመዷ በደረሰበት ልክ፣ ክብ ሆኖ ለመለመ። በእርምጃ ለካሁት።

ለአቶ ይርዳው ነገርኳቸው። «ሣር መቼም የሚበቅለው በዝናብ ነው» አሉና ቅቤውን አስጭነው አንኮበር ሄዱ።

በማግስቱ እረኞቹን ሰብስቤ ዋሸሁ። «ሹሙ በረቱ ይነሣ ብለዋል። ካቡን ትተን በእንጨትና በእሾህ እናጥራለን፤ በየሰባት ሌሊቱ መስኩ ላይ እናዛውረዋለን።»

ኩበት የምትጠፈጥፈው ወርቄ አልተዋጠላትም። «እበቱን ለመሬት አብልተሽ እኛ በምን እንቀቅል? በዳዊትሽ?»

«የድሮውን በረት ቆፍሪ። የስንት ዓመት ማገዶ ተኝቶልሻል።»

ቆፈረች። ከዚያ ወዲያ ስታማኝ አልሰማሁም።

አቶ ይርዳው ከወር በኋላ ከእመቤቲቱ ቤት ከመጣ እንግዳ ጋር ሲመለሱ በረቱ አምስተኛ ቦታው ላይ ነበር። «ይህን ማን አዘዘ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት ተባልን» አለ አንዱ እረኛ።

እንግዳውን አየት አደረጉ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

በመስከረም ማገጥ የሚባለው የከብት ሣር መስኩን ሞላው፤ ጥጃ ቢተኛበት አይታይም። ማታ ማታ ሁለተኛ ማለቢያ እንፈልግ ጀመር።

እመቤቲቱ መስኩ ሳይቃጠል ሊያዩት መጡ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ «ይርዳው፣ ጠፍ ሆነ ያልከኝ ይህን ነው?» አሉ።

«በረቱን እያዛወርኩ አዳንኩት፣ እመቤቴ።»

«በየስንት ሌሊቱ?»

አቶ ይርዳው ወደ እኔ ዞሩ።

«በየሰባቱ፤ ዝናብ ሲበረታ በየአምስቱ» አልኩ። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ያዘዝኩትም እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። በሹሙ ስም ዋሽቼ።»

አቶ ይርዳው «እኔም ዋሽቻለሁ» አሉ።

እመቤቲቱ ሳቁ። «ውሸታችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ይህን መሬት የሚያቃጥል የለም። ከዛሬ ጀምሮ በረቱን የምታዝ እሷ ናት።»

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፤ ከብት በበላበት መስክ ይደር። በአንድ ቦታ ግን ከሰባት ሌሊት አይለፍ።