ማሰሮዋን የደበቀችበት ቀን

ሌንግ ሹፋንግ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ከእሷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ የሚወድ አልነበረም። አባቷ የፉዚ ሥር አዘጋጅ ነበሩ። ፉዚ ከማሳ ሲወጣ ሰው የሚገድል መርዝ ነው። ጋን ሙሉ የጨው ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ስስ ስስ ተደርጎ ተከትፎ፣ ታጥቦ ታጥቦ ነው የደከመ ልብ የሚያሞቅ መድኃኒት የሚሆነው። የዚያ የጨው ውሃ ሽታ ግን ቢያጥቡትም አይለቅም። ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ጠጉር ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ገና ከበር ሲያዩዋት አፍንጫቸውን ይዘው “ጋኗ መጣች!” ይሉ ነበር።

አባቷ የሥራቸውን ፍጻሜ የሚያውቁት በምላሳቸው ነው። አፋቸውን ይጉመጠመጡና ከተከተፈው አንዲት ቅጠል የምታህል ቁራጭ ምላሳቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምላስ ከደነዘዘ መርዙ አልወጣም፤ ሁሉም ተመልሶ ጋን ይገባል። ደህና ሲሆን ደግሞ ለልጃቸው ያጎርሷታል።

“ምን ይሰማሻል?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ጨርሰናል። ከእኛ ሥራ የሚፈለገው ‘ምንም’ ነው።”

ሹፋንግ ነርስነት የተማረችው ከዚያ ሽታ ለመሸሽ ነበር። ሆስፒታል በረኪና በረኪና ይሸታል፤ በረኪና ደግሞ የማንም አባት ሽታ አይደለም። ዕጣዋ ግን እዚያው ባደገችበት፣ ፉ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል፣ ልባቸው የደከመና እግራቸው ያበጠ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ጣላት። ክረምቱ እርጥብና ቀዝቃዛ በሆነበት አገር ለእነዚህ ሰዎች ከሚታዘዘው ቅመማ ውስጥ ፉዚ አይጠፋም። የአባቷ ሥር ተከትሏት መጣ።

አባቷ ከሞቱ በኋላ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው፣ የእሳቸውን ነገር ትሠራ ጀመር። ወደ ቤታቸው የሚመለሱትን ታማሚዎች ኮሪደሩ ጫፍ ትሰበስብና በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሸክላ ማሰሮ ትጥዳለች። ፉዚው ብቻውን ቀድሞ ይገባል። ሌላው ቅመም የሚከተለው ፉዚው እስኪበቃው ተንተክትኮ፣ በምላስ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። በዚያ ጠዋት ቁርስ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም የአገሬው ቁርስ ኑድል ነው፣ ኑድሉ ላይ የሚነሰነሰው የዚያ አገር ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ራሱ አፍ ያደነዝዛል። በደነዘዘ አፍ መርዝ አይፈተንም።

“ሲስተር፣ ቁርስ ከልክለሽ ደግሞ መርዝ ልታጎርሺን ነው?” ይላል አንዱ።

“ቀድሜ የምጎርሰው እኔ ነኝ። ከሞትኩ ቁርስህን በሰላም ትበላለህ።”

ይሳቃል። ከዚያ መጀመሪያ ያልበሰለውን በምላስ ጫፍ አስነክታ ታስተፋቸዋለች፤ ቀጥሎ የበሰለውን ታቀምሳቸዋለች። “የበርበሬ መደንዘዝ ከንፈር ላይ ይጨፍርና ይጠፋል። የፉዚ መደንዘዝ አይጨፍርም። ዝም ብሎ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ጣት ይወርዳል። ያ ከመጣ ማሰሮውን ትታችሁ ወደ እኔ ሩጡ።” ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይህን አይረሱትም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አይሰሟትም። የመድኃኒቱን ዝቃጭ መንታ መንገድ ላይ ይደፉታል፤ አላፊ አግዳሚው ሲረግጠው በሽታው አብሮ ይሄዳል ይላሉ። “በሽታችሁን ለጎረቤት ልታድሉ ነው? አጉል እምነት ነው!” ትላቸዋለች። “እሺ ሲስተር” ይላሉ። በማግስቱ መንታ መንገዱ ላይ እንፋሎቱ ያልጠፋ ዝቃጭ አለ።

ፕሮፌሰር ሚያው ከዋናው ከተማ የመጡት በዚያ ክረምት ነው። የፉዚ መርዝና ፈውስ የሚለያዩበትን ነጥብ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ቤታቸው እያፈሉ የሚጠጡ ታማሚዎችን ለመከታተል ፈለጉ። እንደሚመጡ ሲሰማ ክፍሉ ታጠበ፣ መጋረጃው ተቀየረ፣ ለማስተማሪያ የሚሆን ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ።

ሹፋንግ በዚያ ጠዋት ቀድማ ገብታ ኮሪደሩን በእንግዳ ዓይን አየችው። ጥላሸት የጠጣች ማሰሮ፣ ሽቦው የተጠጋገነ ምድጃ። ትከሻዋን አሽተተች። ሁለቱን አንሥታ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ከመወልወያው ባልዲ ኋላ ከተተቻቸው።

ከሚማሩት መካከል ጎረቤቷ እማማ ቱ ነበሩ። ሹፋንግ በጋብቻ መንደራቸው ከገባች ጀምሮ የሚያውቋት መበለት ናቸው። መድኃኒቱን ሆስፒታል ተኝተው፣ በሆስፒታሉ ማሽን እየተፈላላቸው መጠጣት ከጀመሩ ወዲህ የእግራቸው እብጠት ጎድሎ ነበር። ወንዝ ዳር ካለው ሻይ ቤት ጓደኞቻቸው ዘንድ የሚሄዱበትን ቀን ይናፍቃሉ። አሁን ደረቁን ቅመም ይዘው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። ቁርሳቸውን ሳይበሉ መጥተው ዙሪያውን ቃኙ።

“ማሰሮዋ የት ሄደች?”

“ዛሬ ዘመናዊ ሆነናል፣ እማማ” አለች ሹፋንግ፤ ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ወደ ስክሪኑ ዞራ እንደ ዜና አንባቢ ጀመረች። ቃላቱ የተማሩ ሰዎች ቃላት ነበሩ፤ ቀድሞ ስለማፍላት፣ በአግባቡ ስለመከታተል፣ ስለ ጥንቃቄ ምልክቶች። “የአፍ መደንዘዝ” የሚል መስመር ነበረበት። አንብባ አለፈችው።

“ገባዎት፣ እማማ ቱ?”

እማማ ቱ ስክሪኑን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ፣ ከዚያ እሷን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። “ገባኝ፣ ገባኝ።”

ፕሮፌሰር ሚያው አጨበጨቡ። “እንዲህ የጠራ ትምህርት በትልልቆቹ ሆስፒታሎችም አላየሁ” አሉ። ሹፋንግ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እንደ ልጅ እየዘለለች ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሳምንት እንኳ አልሞላም። ወደ ሥራ ስትሄድ መንታ መንገዱ ላይ ዝቃጭ ተደፍቶ አየች፤ እንደ ልማዷ ተቆጥታ ልታልፍ ስትል ዓይኗ ተያዘ። ከቅመሙ መሐል የፉዚ ቁራጮች አሉ። መልካቸው ልክ አልነበረም። በደንብ የበሰለ ፉዚ ጫፉ ይለሰልሳል፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ እነዚህ መሐላቸው ነጭና ደረቅ ነበር። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች።

መንገዱ ዳር ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሴት ከጋሪዋ ኋላ ጮኸች፦ “ኧረ ሲስተር! እኛን አጉል እምነት እያልሽ ስትሰድቢን ኖረሽ፣ ዛሬ የሰው በሽታ ትለቅሚያለሽ?”

“የማን ነው ይሄ?”

“የእማማ ቱ ነዋ! አሁን ነው ደፍተው የገቡት።”

ሹፋንግ ቁራጩን ጠረግ አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችው። ዓይኗን መጨፈን አላስፈለጋትም። መደንዘዙ ከምላሷ ጫፍ ተነሥቶ ዝም ብሎ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ተፍታው ሮጠች።

እማማ ቱ ደጃፋቸው ላይ ኑድላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

“እማማ፣ መድኃኒቱን ጠጡ?”

“ጠጣሁ እንጂ። ነይ ቅመሺ እስቲ፣ ልጄ ያመጣው ቁንዶ በርበሬ ጉድ ነው። አፌን አስሮ ያዘው። ዛሬማ እስከ ጣቶቼ ወረደ!” አሉና ሊስቁ ሞከሩ።

በዚያ አገር አፍ መደንዘዝ ማለት ቁርስ ጣፈጠ ማለት ነው፤ ማን ይደነግጣል? ሹፋንግ የእጃቸውን ትርታ ያዘች። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ያመነታል፣ እንደገና ይሮጣል።

“ፉዚውን ብቻውን ነው ያፈሉት?”

“ሁሉንም አንድ ላይ ጨመርኩት። ሽታው ሲያውደኝ አወረድኩት።”

በቶፉ ሻጯ ጋሪ ነው ሆስፒታል የደረሱት። በደም ሥር መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ፣ ረፋዱ ላይ ልባቸው መንገዱን አገኘ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም አልጋው ዙሪያ የተሰበሰበው፤ የክፍሉ ሐኪም፣ ፕሮፌሰር ሚያው፣ የጭነት መኪናውን መንገድ ላይ ትቶ የመጣው ልጃቸው ጓንሊን።

“እማዬ፣ ሰው ሲነግርሽ ለምን አትሰሚም?” ጓንሊን ፈርቶ ስለነበር ይጮሃል። “እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ቆመው እያስተማሩሽ! ድንጋይ ነሽ?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ እማማ ቱ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር። “ልጅቷ በደንብ ነግራኛለች። አርጅቻለሁ፣ ረሳሁት።”

ፕሮፌሰር ሚያው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ትምህርቱን እኔም ቆሜ አይቻለሁ፤ ጥሩ ነበር። ማስታወስ ካልቻሉ ግን ምን እናደርጋለን? ከጥናቱ ይውጡ። ፉዚውም ለእሳቸው ይቁም፤ እንዲህ ላለ ሰው መርዝ ማስያዝ አይቻልም።”

እማማ ቱ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አዞሩ። ያ መድኃኒት ከቆመ እግራቸው እንደገና እንደሚያብጥ፣ ሻይ ቤቱም እንደማይታሰብ ያውቃሉ። ያም ሆኖ አንዲት ቃል አልጨመሩም።

ሹፋንግም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተመልሳ ተመልሳ የምትሄደው ወደዚያች ዝምታ ነው። አፏ ውስጥ መደንዘዙ ገና አልለቀቀም ነበር። “በደንብ ነግራኛለች” ሲባል ያልተናገረችው በመደንዘዙ ነው ብላ ራሷን ልትደልል ሞከረች። ጓንሊን ዞሮ “ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትደርሺላት ኖሮ” ብሎ እጇን በሁለት እጁ ሲይዝ ግን ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። እጇን አስለቅቃ ወጣች።

ማሰሮዋ ከባልዲው ኋላ እንደተቀመጠች ነበረች። ቆሻሻ ውሃ ተረጭቶባታል። ሹፋንግ አጠበቻት፤ ምድጃውንም አንሥታ ተመለሰችና ሁለቱንም አልጋው እግር ሥር አስቀመጠች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉ ፕሮፌሰር ሚያው።

“የእኔ ትምህርት ነው። ሰው ቀምሶ የሚማርበት። እርስዎ የመጡ ቀን ደብቄው፣ ስክሪን አነበብኩ።” እጇን ወደ አልጋው ዘረጋች። “እማማ ቱ ምንም አልረሱም። ያላስተማርኳቸውን ከየት አምጥተው ያስታውሳሉ?”

“ማን ደብቂ አለሽ?”

ሹፋንግ መልስ ፈለገች። ሐኪሙ አላላት፣ አለቃ አላላት፣ እኚህም ሴት አላሏት። “ማንም” አለች።

ፕሮፌሰሯ አልተቆጡም። “እኔ የመጣሁት እኮ ሰው ቤቱ እንዴት እንደሚያፈላ ለማየት ነበር” ብለው ማሰሮዋን አየት አድርገው ወጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ በባልደረቦቿ ሁሉ ፊት፣ ሹፋንግ ከጥናቱ የማስተማር ሥራ መነሣቷ ተነገረ። የእማማ ቱ ፉዚ ልባቸው ሲረጋጋ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ጓንሊን ግን ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታ አልሰጣትም።

ማሰሮዋን ያወጣች ዕለት፣ አልጋው ዘንድ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እማማ ቱ ተቆጥተው ነበር።

“ሞኝ! ገመናሽን ሸፍኜልሽ ነበር፤ ገልጠሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሽው።”

“እማማ፣ ለምን ዋሹልኝ?”

“ዛሬ ነው የዋሸሁልሽ? ያን ቀንም ዋሽቼልሻለሁ። ማሰሮዋን ሳጣት ያፈርሽባት መሆኑ ገባኝ። ‘ምንም አልገባኝም’ ብል በእንግዶችሽ ፊት ይበልጥ ታፍሪያለሽ ብዬ ነቀነቅኩልሽ።”

ሹፋንግ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ ሊሞቱ የደረሱት እሷ እንዳታፍር ነው። ከዚህ በላይ ምን ማፈር አለ? አንሶላውን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለች።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ሹፋንግ ከሥራ ስትወጣ ማሰሮዋን ይዛ ወደ እማማ ቱ ቤት ሄደች። ፉዚውን ብቻውን ጣደችው። ሲበቃው ሁለቱም ተጉመጠመጡ፤ እሷ ቀመሰች፣ ቀጥሎም ለእሳቸው አጎረሰቻቸው።

“ምን ይሰማዎታል?”

እማማ ቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። “ምንም” አሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ “ትንሽ ጨው ጨው ይላል። አንቺም ድሮ እንዲህ ነበር የምትሸቺው፤ ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ማንም አልጠላውም።”

ሹፋንግ ሌላውን ቅመም ጨምራ አፈላች፣ አጣርታ አጠጣቻቸው፣ ማሰሮዋን ልታጥብ ተነሣች።

“ዝቃጩን እንዳትጥይብኝ” አሉ እማማ ቱ። “እግሬ እስከ መንታ መንገዱ አያደርሰኝም።”

ወስዳ ደፋችው። እንፋሎቱ በብርዱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቶፉ ሻጯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያት ነበር። ሹፋንግ የሥራ ነጭ ጫማዋን አላወለቀችም ነበርና እንደተጫማችው ዝቃጩ መሐል ገባች፤ በአንድ እግሯ፣ ከዚያ በሌላው፣ ማንም ሳይቀድማት ደህና አድርጋ ረገጠችው።

“ጫማሽ ተበላሸ፣ ሲስተር!”

“ይበላሽ” አለች፤ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድም እንደዚያው ሆና ያዘችው።