ብስኩት የበላችው ልጅና እትዬ ሽርጥ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ በራጅ ክፍል ጨረር ለመከላከል የሚለበሰውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ መወልወልና መስቀል ስለነበር፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ስሟን ረስተው «እትዬ ሽርጥ» ይሏት ነበር። እሷ ደግሞ በሹመት የመጣውን የክፍሉን ኃላፊ በልቧ «ከረባቱ» ትለዋለች። ከከረባት ሌላ ይዞ የመጣውን ነገር አላየችማ!

ያን ቀን ኃላፊው አዲሱን የመርፌ ሕክምና ሊያሳይ እንግዶችና ካሜራ ሰብስቦ ይንጎራደዳል። የምትታከመው የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ፤ የትኛው ካንሰር እንደሆነ ካልታወቀ መድኃኒት አይጀመርላትም። ድሮ ለዚያች ቁራጭ ናሙና ብለው ሆድ ይቀድዱ ነበር፤ እትዬ ሽርጥ ስንቱ ሕፃን ተሰፍቶ ሲወጣ አይታለች! አሁን የክፍሉ ዶክተር በአልትራሳውንድ እያየች ናሙናውን በቀጭን መርፌ ታወጣለች። ልጅቷ ግን ማደንዘዣ ስለምትወስድ ሆዷ ባዶ መሆን አለበት።

እትዬ ሽርጥ ትራሷን ልታስተካክል ስታጎነብስ የልጅቷ አፍ ብስኩት ብስኩት ሸተታት።

«የኔ እናት፣ ምን በላሽ?»

«አክስቴ አትናገሪ ብላኛለች።»

አክስትየዋ በር ላይ ሆና ተቆጣች። «ሁለት ሰዓት ላይ ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት? እነሱ ጥግብ ብለው የሰው ልጅ ያስርባሉ!»

«ጎበዝ! ተኝታ ቢያስመልሳትና ሳንባዋ ቢገባ፣ አንቺ ልትተነፍሺላት?» አለቻት እትዬ ሽርጥ።

ኃላፊው እትዬ ሽርጥን ወደ ጥግ ሳባት። «እንግዳ ቆሟል። አንቺ ሽርጥሽን ጠብቂ!»

«እሺ ጌታዬ» አለችና ወደ ዶክተሯ ዞራ ጮኸች። «ዶክተርዬ! ልጅቷ በልታለች!»

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። «በቃ፣ እስከ ስምንት ሰዓት እንጠብቃለን።»

«ብስኩት እኮ ነው!» አለ ኃላፊው።

«ከቸኮሉ እርስዎ ይተኙበት።»

ከረባቱ ምን ያድርግ? ለአልትራሳውንድ ሽርጥ እንደማያስፈልግ እንኳ ሳያውቅ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ለበሰና ባዶው አልጋ አጠገብ ፎቶ ተነሣ። እትዬ ሽርጥ አይታ ወደ ልጅቷ ተመለሰች። ይነሣ!

ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ እትዬ ሽርጥ የልጅቷን እጅ ያዘች። መርፌው ገብቶ እንደ ክር የቀጠኑ ሦስት ቁራጮች ይዞ ወጣ። ልጅቷ ነቅታ ሆዷን ብትዳብስ አንዲት ፕላስተር ብቻ አገኘች።

«ይኼው ነው?» አለች ቅር ብሏት።

በሳምንቱ የእጢው ዓይነት ታወቀ፤ ለእሱ የሚሆነው መድኃኒትም በዚያው ቀን ተጀመረላት። አክስትየዋ «እኔማ መርፌው እንደሚሻል ቀድሜ ብያለሁ» እያለች ኮሪደሩን ሞላችው። እትዬ ሽርጥ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሽርጧን መወልወሏን ቀጠለች።